የሥጋ ዶሮ መኖን በተረፈ ምርት ከመተካትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

የሥጋ ዶሮ ሲያረቡ ከ100 ብር ወጪ 60 እስከ 70 ብሩን የሚወስደው መኖ ነው። ስለዚህ ሮቢት ላይ ላለ አርቢ የማሽላ ግርድ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ ፉርሽካና አተላ ቢያጓጉት አይፈረድበትም። ግን የሥጋ ዶሮ እንደ አበሻ ዶሮ ጭራ የጎደላትን አትሞላም፤ በ6 ወይም 7 ሳምንት ዕድሜዋ የምታገኘው የሰጧትን ብቻ ነው። ከመግዛትዎ በፊት እነዚህን ያረጋግጡ።

☐ የሚተካው ምንን ነው? ማሽላ ኃይል ሰጪ ስለሆነ በቆሎን ይተካል። የኑግ ፋጉሎ 30 በመቶ ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ነገር ግን አሰሩ ብዙ፣ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍሉም አነስተኛ ስለሆነ አኩሪ አተርን ሙሉ በሙሉ አይተካም።

☐ ማሽላው ታኒን አለው? የፍሬውን ቅርፊት በጥፍርዎ ይፋቁ። ከሥሩ ጠቆር ያለ ሽፋን ካገኙ ታኒን አለው፤ ዶሮዋ ፕሮቲኑን በደንብ እንዳትፈጭ ያግዳታል።

☐ ሻግቷል? በጉድጓድ የከረመ ማሽላና እርጥበት ያገኘው ፋጉሎ ያሰጋሉ። በአዲስ አበባ ዙሪያ በወተት ላሞች መኖ ላይ ተሠርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከፍተኛ አፍላቶክሲን (የሻጋታ መርዝ) ያገኘው በኑግ ፋጉሎ ውስጥ ነው። መርዙ ፀሐይ ላይ በማስጣት አይጠፋም።

☐ ግርዱ ተለቅሟል? የአስተናግር ፍሬ መርዝ ነው፤ የጉሎ ፍሬና ፋጉሎውም እንዲሁ።

☐ ውኃ እየገዙ አይደለም? ከኮምቦልቻ በእርጥቡ ከሚመጣ 100 ኪሎ የቢራ ብቅል ተረፈ ምርት 75 እስከ 80 ኪሎው ውኃ ነው። አተላም ቢሆን ውኃው ይበዛል፤ የጫጩቷን ሆድ ሞልቶ ከዋናው መኖ ያስቀራታል። ዋጋውን በደረቁ ያስሉ።

☐ በጥቂት ዶሮ ሞክረዋል? የመጀመሪያዎቹን 3 ሳምንታት መኖ አይንኩ። ከዚያ 20 ዶሮ ለይተው አዲሱን፣ ሌላ 20 ደግሞ የነበረውን ይመግቡ፤ በየሳምንቱም ይመዝኑ። እንበል የነበረው መኖ ኪሎው 40 ብር ሆኖ፣ አንድ ኪሎ ክብደት ለመጨመር 2 ኪሎ ይበቃል፤ ወጪው 80 ብር ነው። አዲሱ 30 ብር ቢሆንና 3 ኪሎ ቢፈጅ 90 ብር ይሆናል። በአንድ ኪሎ መኖ ላይ ያተረፉት 10 ብር በአንድ ኪሎ ክብደት ላይ 10 ብር አከሰረዎት ማለት ነው።

በዚህ ሚዛን የወደቀ፣ ግን ንጹሕ የሆነ ፋጉሎና ፉርሽካ አይጣልም፤ አሰር ለሚፈጩት ለበሬና ለበግ ይሆናል። የሻገተውን ግን ለላምም አይስጡ፤ መርዙ በወተቱ አድርጎ ወደ ልጆችዎ ይደርሳል።