መፈቅፈቂያና መክተፊያ፦ ለማንጎ የበጀው ስለት ለካሳቫ ለምን አይበጅም?



በብዙ ቤት ጓዳ የማይጠፋ አንድ ትንሽ መሣሪያ አለ። ከላይ እጀታ የተሠራለት፣ አራት ጎን ያለው፣ ካሮትና ቀይ ሥር የሚፈቀፈቅበት ዕቃ ነው። ሦስቱ ጎኖቹ ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው ጥርሶች ሲኖሯቸው አራተኛው ጎን ጥርስ የለውም፤ በአግድም የተሰነጠቁ ጥቂት ስለቶች ብቻ አሉት፤ ድንችና ዱባ በስሱ የሚከተፈው በእርሱ ነው። በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ገበታ ላይ አንድ ስለት ብቻ ተገጥሞለት ለብቻው የሚሸጥም አለ። በዚህ ትምህርት መፈቅፈቂያ የምንለው ጥርስ ያለውን፣ መክተፊያ የምንለው ስለት ያለውን ነው። ልዩነቱ ተራ ነገር ይመስላል። ይሁን እንጂ በጋሞ ቆላ አንዱን በሌላው መተካት ሰውን እስከ ማሳመም ይደርሳል። ይህንንም የምጽፈው አንብቤ ስለ ተረዳሁት ብቻ ሳይሆን ራሴ ስለ ተሳሳትሁበትም ነው።

በመጀመሪያ መክተፊያው የሚመሰገንበትን ሥራ እናንሣ። በአባያና በጫሞ ሐይቆች ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎች፣ በላንቴም ሆነ በጫኖ ሚሌ፣ ማንጎ በአንድ ጊዜ ደርሶ ዋጋው ሲወድቅና ከዛፉ ሥር ሲበሰብስ ያላየ የለም። የማንጎ ክብደት ከ80 በመቶ በላይ ውሃ ነው፤ ውሃው በጊዜ ከወጣለት ግን ለወራት ይቆያል። ለማድረቅ የሚያስቸግረው የቁራጩ ውፍረት አለመስተካከል ነው። በቢላዋ ሲቆረጥ አንዱ ቀጭን፣ ሌላው ወፍራም ይሆናል፤ ቀጭኑ ደርቆ ሲሰባበር ወፍራሙ ውስጡ እንደ ረጠበ ይቀርና ይሻግታል፤ አንድ የሻገተ ቁራጭም ዕቃውን ሙሉ ያበላሻል። መክተፊያው ሁሉንም እኩል ያወጣቸዋል። የአራት ጎኑ ስለት ለማንጎ እጅግ ስስ ስለሚሆንና ቁራጩ ከወንፊቱ ጋር ስለሚጣበቅ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሚያወጣው ባለ ገበታው ይመረጣል። ፍሬው የበሰለ ሆኖ ገና ጠንከር ያለ ይሁን። ከመሬት ከፍ ባለ ወንፊት ላይ ተዘርግቶ፣ ዝንብ እንዳያርፍበት በሻሽ ተሸፍኖ፣ ሲታጠፍ የማይሰበርና ሲጨመቅ የማያወርድ ሲሆን ደርቋል። ሙዝም በዚሁ መንገድ ይደርቃል፤ እንዳይጠቁር ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ይበቃዋል። ብርቱካናማውን ስኳር ድንች ግን ፀሐይ በቀጥታ እንዳያገኘው እንጠንቀቅ፤ የሚወደድበት ምክንያት ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቀለሙ ነው፤ ይህም ቀለም በፀሐይ ይጠፋል። ስለዚህ ከትፎ ለጥቂት ደቂቃ በእንፋሎት ካበሰሉ በኋላ ነፋስ ባለበት ጥላ ማድረቅ ይሻላል።

ስሕተቴ የጀመረው ከዚህ ነው። በአንድ ቆላማ አጥቢያ ማንጎውን ከእናቶች ጋር ከትፈን አድርቀን ሁላችንም ደስ ስላለን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ካሳቫውንም እንዲሁ እናድርገው አልሁ። አንዳንዶች የእንጨት ቦዬ፣ ሌሎችም የፉርኖ ዛፍ የሚሉት ይህ ሥር፣ ሽማግሌዎች እንደሚናገሩት በተለይ ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወዲህ በአካባቢያችን ተስፋፍቷል። እየተቀቀለ ይበላል፤ ደርቆ ተፈጭቶም ከጤፍና ከበቆሎ ጋር ተደባልቆ እንጀራና ቂጣ ይሆናል። እኛም ልጠን በስሱ ከተፍነው። በአርባ ምንጭ ፀሐይ በሁለት ቀን ደረቀ፤ እንደ ኖራ የነጣ ነበር፤ ፎቶግራፉንም ለሪፖርት አነሣሁት። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት አንድ ቁራጭ አንሥተው በምላሳቸው ጫፍ ቀመሱና በጋሞኛ ተናገሩ፤ አንዱ ወጣት ተረጎመልኝ፤ «ልጄ፣ ይህ እኮ መራራው ነው፤ ሳይቦካ እንዴት አደረቃችሁት?» እኔም ፀሐይ ሁሉን ያነጻል ብዬ መለስሁ። በዚያው ሳምንት ከዚያ ዱቄት ቂጣ ተጋግሮላቸው የበሉ ሁለት ሕፃናት ራሳቸውን አዞራቸው፣ አስታወካቸውም። ጤና ጣቢያ ደርሰው በማግሥቱ ዳኑ። ስለ ካሳቫ ማንበብ የጀመርሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ መሆን ይገባው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በካሳቫ ሥር ውስጥ ሊናማሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ይህ በሕዋሱ ውስጠኛ ከረጢት ተዘግቶ ይኖራል። እርሱን የሚበትነው ኢንዛይም ደግሞ ለብቻው በሕዋሱ ግድግዳ ውስጥ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ሊናማሪኑ ይበተንና በመጨረሻ ሃይድሮጅን ሳያናይድ የተባለው መርዝ ይወጣል። ይህ መርዝ በ26 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ የሚፈላ ስለሆነ በአርባ ምንጭ ቀትር ተንኖ ይሄዳል። እንግዲህ የሚፈለገው መርዙ በእኛ ሆድ ውስጥ ሳይሆን አስቀድሞ በሜዳ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ለዚህም ሕዋሱ መፍረስ አለበት። መክተፊያ ሕዋሱን አያፈርስም፤ ስለቱ ያለፈበትን መስመር ብቻ ቆርጦ የቀረውን እንደ ተዘጋ ይተወዋል። ከዚህም የከፋው፣ ስስ ቁራጭ ቶሎ ስለሚደርቅ ኢንዛይሙ ሥራውን ሳይጨርስ ውሃ ያጣና ይቆማል። ያ ንጣቱን ያደነቅሁለት ካሳቫ ሊናማሪኑን ይዞ የደረቀ ነበር። መፈቅፈቂያ ግን ሥሩን አድቅቆ ሕዋሱን ያፈርሰዋል፤ ሁለቱም በርጥበት ውስጥ ይገናኛሉ።

በቁጥር ስናየው ልዩነቱ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በዘርፉ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በፀሐይ ብቻ በደረቀ ካሳቫ ውስጥ ከመርዙ ከሩብ እስከ ሲሶ ይቀራል፤ ተፈቅፍቆ፣ ቦክቶ፣ ተጨምቆ በታመሰው ውስጥ ግን የሚቀረው ከመቶ 2 ያህል ነው። ኪሎው 100 ሚሊ ግራም ሳያናይድ ሊያወጣ የሚችል ካሳቫ አለን እንበል። ከ1 ኪሎ የተላጠ ሥር 350 ግራም ያህል ዱቄት ይገኛል። ሲሶው ከቀረ በዚያ ዱቄት ውስጥ 33 ሚሊ ግራም አለ፤ ይህም በኪሎ ዱቄት 94 ሚሊ ግራም ይሆናል። ውሃው ስለ ወጣ መርዙ ከርጥቡ ሥር ብዙም ያነሰ አይደለም ማለት ነው። በሁለተኛው መንገድ ግን በኪሎ ዱቄት ከ6 ሚሊ ግራም አያልፍም። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ ያቋቋሙት የምግብ ደረጃ ኮሚሽን፣ ኮዴክስ፣ ለካሳቫ ዱቄት የወሰነው ጣሪያ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ነው።

ማዞርና ማስታወክ በቀን የሚያልፍ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። መራራ ካሳቫን በሚገባ ሳያዘጋጁ ለሳምንታት ሌላ ምግብ ሳይጨምሩ መብላት የሚያመጣው በሽታ ግን አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ1938 በኮንጎ ትሮሊ የተባለ ሐኪም የገለጠው ይህ በሽታ ኮንዞ ይባላል፤ በአገሩ ቋንቋ የታሰሩ እግሮች ማለት ነው። ሁለቱ እግሮች በድንገት ይሽመደመዳሉ፤ ዳግመኛም አይመለሱም። ይበልጥ የሚያጠቃው ሕፃናትንና በመውለድ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በሞዛምቢክ ናምፑላ ክፍለ አገር፣ በድርቅ ዘመን፣ ከ1,000 በላይ ሰዎች በዚህ ተይዘዋል። ድርቅ ሁለት ጉዳት ያደርሳል፤ ሌላውን እህል ያጠፋል፤ የካሳቫውንም መርዝ ይጨምራል። ደግሞም ረኃብ ሲጸና ሰው ቦክቶ እስኪደርስ የሚጠብቅበት ትዕግሥት አይኖረውም።

ለእኛ ጾመኞች ከዚህ ላይ የሚጨመር አለ። ሰውነት ሳያናይድን የሚያከሽፈው ከፕሮቲን በሚያገኛቸው ድኝ ባለባቸው አሚኖ አሲዶች ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የለም። ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር ከማዕድ ባልጠፋበት ቤት ይህ ብዙ አያሳስብም። የሚያሳስበኝ ሽሮ መግዣ አጥቶ ካሳቫን በጎመን ብቻ የሚጾም ቤተሰብ ነው። የሰበካ ጉባኤ ለችግረኞች እህል ሲያከፋፍል ካሳቫ በሚበላበት ቀበሌ ከስንዴ ይልቅ ጥራጥሬ ቢያስቀድም መልካም ነው።

ወደ ሥራው እንመለስ። ካሳቫ ሲላጥ የውጭው ቡናማ ቅርፊት ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ወፍራም ነጭ ልጣጭም ይነሣ፤ መርዙ በልጣጩ ይበዛል። ሥሩ ታጥቦ በመፈቅፈቂያው ደቃቅ ጥርስ ይፈቀፈቅ። የተፈቀፈቀው በንጹሕ የእህል ጆንያ ተሞልቶ፣ አፉ ታስሮ፣ ድንጋይ ተጭኖበት ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ። ማዳበሪያ ተይዞበት የነበረ ከረጢት ግን ፈጽሞ አይሁን። ከዚያ በደንብ ተጨምቆ፣ በእጅ ተፈርፍሮ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ በምጣድ እያገላበጡ እስኪደርቅ ይታመስ። በናይጄሪያ፣ በጋናና በቤኒን ሕዝብ የሚመገበው ጋሪ የተባለው ምግብ የሚሠራው እንዲህ ነው።

ለጋሞ ደጋ እናቶች በዚህ ውስጥ እንግዳ የሆነው መሣሪያው ብቻ ነው። በጨንቻና በዶርዜ እንሰቱን በቀርከሃ እየፋቁ፣ ሥሩን እያደቀቁ፣ በቅጠል ሸፍነው እያቦኩ፣ እየጨመቁ ቆጮ ሲያደርጉ ኖረዋል። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ለእንሰት መፋቂያና መጭመቂያ መሣሪያዎችን ሠርተው ሞክረዋል። ስለዚህ ለቆላው አጥቢያ የካሳቫ አስተማሪ ስትፈልጉ ከከተማ ባለሙያ በፊት ከደጋ አንዲት እናት ጥሩ። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ ከእንሰት የተጨመቀው ውሃ ሲጠል ቡላ ይሰጣል፤ ከካሳቫ የተጨመቀው ውሃ ግን መርዝ ስለሆነ ለከብትም አይሰጥ፣ ወደ ምንጭም አይፍሰስ።

የጓዳው መፈቅፈቂያ ለአንድ ቤት ይበቃ ይሆናል፤ ለማኅበር ግን ያንሳል፤ እጅንም ያደክማል። ጥፍርና ጣት እንዳይቆስል የሥሩ ጫፍ ሲቀር በሹካ ወግቶ መያዝ ያስፈልጋል። ለብዙ ሰው የሚሆነው በቀላሉ ይሠራል። የምግብ ዘይት የነበረበት ቆርቆሮ ተዘርግቶ ከአንድ ጎን በሚስማር ጥቅጥቅ ተደርጎ ይበሳል፤ ሹል የወጣበት ፊት ወደ ላይ ሆኖ በሳንቃ ላይ ይመታል። ሳንቃው ከቆርቆሮው ሥር ባዶ ቦታ ቢኖረው የተፈቀፈቀው በቀዳዳው ወደ ታች ይወርዳል። የቀለምና የፀረ ተባይ ቆርቆሮ አይሆንም። ሲዝግ ይጣልና ሌላ ይሠራ።

ቀድሞ ተከትፎ የደረቀ ዱቄት በቤቱ ያለው ሰው ምን ያድርግ የሚል ጥያቄ በየአጥቢያው ይነሣል። በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ሃዋርድ ብራድበሪ ያወጣው ቀላል ዘዴ አለ። ዱቄቱን በጎድጓዳ ሳህን አድርጎ ከፍታውን በውስጥ በኩል ምልክት ማድረግ፤ ውሃ እየጨመሩ ማማሰል፤ ዱቄቱ መጀመሪያ ዝቅ ይልና ኋላ ተመልሶ ምልክቱ ላይ ሲደርስ ውሃውን ማቆም። ከዚያ በንጹሕ ሰፌድ ወይም ሸራ ላይ ከ1 ሴንቲ ሜትር በቀጠነ ውፍረት ዘርግቶ በፀሐይ 2 ሰዓት፣ በጥላ 5 ሰዓት ማቆየትና በዚያው ቀን መጋገር። መርዙ ወደ ሲሶ፣ አንዳንድ ጊዜም ወደ ስድስተኛው እጅ ይወርዳል። ከላይ ባየነው ዱቄት ግን 94 ቢወርድ ከ16 እስከ 31 ይሆናል እንጂ ከ10 በታች አይደርስም፤ በመሆኑም ያለውን ዱቄት ለማዳን ያገለግላል እንጂ መፈቅፈቅንና ማቡካትን አይተካም። ካሳቫ በልቶ ራሱን ያዞረውና ያስታወከው ሰው ቢገጥማችሁ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ፤ ምን እንደ በላም ንገሩ።

በዚያ በተሳሳትሁበት አጥቢያ ሁለት ባለ አራት ጎን መሣሪያዎች አሉ። አንዱ ለማንጎና ለአትክልት ነው። በሌላው ላይ ኮሚቴው ቀይ ቀለም ቀብቶ ለካሳቫ ብቻ እንዲሆን ለይቶታል፤ የመክተፊያውንም ጎን አንድ ቆርቆሮ ሠሪ በብየዳ ዘግቶልናል።