እናት ስትረሳ፦ የመርሳት ሕመም ያለባቸውን አረጋውያንና አስታማሚዎቻቸውን ስለ መደገፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

በቅርቡ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምእመናን ሲበተኑ አንዲት እኅታችን ወደ ኋላ ቀረች። "አባ፣ ምክር ፈልጌ ነው" አለችኝ። ስሟን ሳልጠቅስ የነገረችኝን እንዳካፍላችሁ ፈቅዳልኛለች፤ እንደ እሷ የተጨነቁ ብዙ እንዳሉ ታውቃለችና።

ይህች እኅት እዚሁ ቤይሩት አንዲት የ84 ዓመት እናት ታስታምማለች። እንዲህ አለችኝ፦ "ቴታ በቀን ዐሥር ጊዜ ስሜን ትጠይቀኛለች። ወርቄን ሰረቅሽኝ ትለኛለች። ሌሊት ተነሥታ ቤቴ ውሰጂኝ እያለች የገዛ ቤቷን በር ትደበድባለች። ትናንት ትዕግሥቴ አልቆ ጮኽኩባት፤ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ጸጸቱ ሲያንገበግበኝ አገር ቤት እናቴ ጋ ደወልኩ። እናቴ ድምፄን ሰምታ 'ማን ልበል?' አለችኝ። አባ፣ የሰው እናት እያጎረስኩ የራሴ እናት ረሳችኝ።"

እኔም ለጊዜው የምመልሰው ቃል አጣሁ። አጠገቧ ተቀምጬ አብሬያት ዝም አልኩ። ያን ቀን ያልመለስኩላትን ነው ዛሬ የምጽፍላችሁ።

✝ ሕመሙ ምንድን ነው?

በአገራችን "ጃጀ፣ ጃጀች" እንላለን። እዚህ ደግሞ "ኸረፍ" ሲሉ ትሰማላችሁ። ሐኪሞች ዲሜንሺያ ይሉታል። በአንጎል ላይ በሚደርስ ሕመም ምክንያት ማስታወስ፣ ማሰብ፣ ቃል ማግኘት፣ ቀስ በቀስም ራስን መርዳት የሚቀንስበት ሁኔታ ነው። ብዙው አልዛይመር ከሚባለው በሽታ የሚመጣ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከመቶው ከ60 እስከ 70 የሚሆነው የዚህ ዓይነት ነው። ይኸው ድርጅት በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ እንደ ነበር አስታውቋል። ስለዚህ እናታችሁ ብቻዋን አይደለችም፤ እናንተም ብቻችሁን አይደላችሁም።

ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቅርቡ ነው። የአብነት ተማሪ ሁሉ ይህን ይረዳዋል፤ ትናንት የተቀበለው ትምህርት ቶሎ ይጠፋዋል፣ በልጅነቱ የደገመው ዳዊት ግን አይለቀውም። እናታችሁም የጠዋቱን ቁርስ ረስታ የሠርጓን ቀን ልትተርክ ትችላለች። "አውቃ ነው፣ የፈለገችውንማ ታስታውሳለች" አትበሉ። አውቃ አይደለም።

"ቡዳ በላት፣ ድግምት ተደረገባት፣ የኃጢአቷ ዋጋ ነው" የሚሉም አሉ። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ኃጢአቱ የማን እንደ ሆነ ጌታን ጠየቁት። ጌታ ግን ያን ሐሳባቸውን አልተቀበለም፤ ይልቁንም ፈወሰው (ዮሐ. 9)። እኛም ወንጀለኛ መፈለጉን ትተን ወደ መርዳቱ እንሂድ።

ጸበሉን አጠጧት፣ መስቀሉንም አስዳስሷት። ሐኪም ዘንድም አድርሷት። ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምረናል። ጸበል ከሐኪም ጋር አይጣላም። ሰውን በገመድ ወይም በሰንሰለት ማሰር ግን ሕክምናም አይደለም፣ ጸሎትም አይደለም።

ሐኪም ዘንድ መሄዱ ሌላም ጥቅም አለው። መርሳት የሚመስል ሁሉ ዲሜንሺያ አይደለም። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መድከም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ከባድ ኀዘንና ድባቴ፣ የአንዳንድ መድኃኒቶች ጠንቅ ሰውን ሊያስረሱ ይችላሉ፤ እነዚህ ደግሞ የሚታከሙ ናቸው። በተለይ ትናንት ደኅና የነበረ ሰው በድንገት በአንድ ቀን ውስጥ ግራ ከተጋባ፣ ወይም ወድቆ ጭንቅላቱን ከተመታ በኋላ ከተለወጠ፣ "እርጅና ነው" ብላችሁ አትቆዩ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም ስትሮክ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዱት።

✝ የሳቅንባቸው የኔታ

እኔ ድጓ የተማርኩት ጎጃም ውስጥ በአንድ ታላቅ መምህር እግር ሥር ነው። በስተርጅና መርሳት ጀመራቸው። መጀመሪያ የተማሪውን ስም፣ ቀጥሎ መብላት አለመብላታቸውን፣ ኋላም ወደ ጎጆአቸው የሚወስደውን መንገድ ረሱ። ከሞቱ ዓመታት ያለፋቸውን ባለቤታቸውን "የት ሄደች?" ብለው ይጠይቁን ነበር። እኛም ልጆች ነበርንና "ሞተዋል እኮ የኔታ" እንላቸዋለን። እሳቸውም መርዶውን ገና አሁን እንደ ሰማ ሰው ያለቅሳሉ። ከሰዓት በኋላ ደግመው ይጠይቁናል፤ እኛም ደግመን እናረዳቸዋለን። በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መርዶ! ዛሬ ሳስበው ሆዴን ይበላኛል።

አንድ ቀን ጠዋት ልብሳቸውን በቅጡ ሳይለብሱ ወደ ደጅ ወጡ። አብዛኞቻችን ሳቅን፤ እኔም ሳቅሁ። ከመካከላችን አንድ ታላቅ ተማሪ ግን ደበሎውን ገፎ አለበሳቸው። ክንዳቸውንም ይዞ እያዜመ ወደ ጎጆአቸው ይመልሳቸው ጀመር። መንገድ ላይ አንድ ቦታ ዜማውን ሳተ። የኔታ ቆም አሉና "አይደለም፣ እንዲህ ነው" ብለው አረሙት! የልጁን ስም አያውቁትም፤ ዜማው ግን ከነምልክቱ በውስጣቸው ነበረ።

በዚያ ቀን የኖኅን ልጆች ታሪክ በዐይኔ አየሁ። ካም የአባቱን ዕርቃን አይቶ ወጥቶ ተናገረ። ሴምና ያፌት ግን እንዳያዩ ወደ ኋላ እየሄዱ ሸፈኑት (ዘፍ. 9)። እኔ ያን ቀን የቆምኩት ከካም ጋር ነበር። ዛሬ ደግሞ አረጋዊ ሲሳሳት በስልክ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ የሚለቅ አለ። ልጆቼ፣ ይህ የካም ሥራ ነው። እናንተ ሸፋኞች ሁኑ።

ሲራክም በምዕራፍ 3 ልጅ ጉልበት አለኝ ብሎ አባቱን እንዳይንቅ፣ ይልቁንም የአባቱ አእምሮ በደከመ ጊዜ እንዲታገሠው ይመክራል። ይህ ሕመም በዘመናችን የመጣ አይደለም፤ መጽሐፍ ያውቀዋል።

✝ በየቀኑ ምን እናድርግ?

❖ አትከራከሩ፤ አትፈትኑም። "እስቲ እኔ ማን ነኝ?" ብላችሁ አትጠይቁ። "እናቴ፣ እኔ ልጅሽ ነኝ፣ ከቤይሩት ነው የምደውለው" ብላችሁ ራሳችሁ ጀምሩላት።

❖ ከቃሉ በስተኋላ ያለውን ስሜት ስሙ። "ቤቴ ውሰጂኝ" ስትል ብዙ ጊዜ "ፈራሁ፣ እንግድነት ተሰማኝ" ማለቷ ነው። እጇን ያዙ፣ ስለ ቤቷ ጠይቋት፣ ጥቂት አብራችሁ ተራመዱ። "ታዲያ እንዋሽ ወይ?" ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። የሞተችውን "ትመጣለች" አትበሉ፤ መርዶም ደጋግማችሁ አታርዱ። "ናፈቀችሽ አይደል? ስለ እሷ አጫውቺኝ" በሉ። ይህ ውሸት አይደለም፣ ማጽናናት ነው።

❖ ከፊት ለፊቷ ቅረቡ፤ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ፤ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እዘዙ። "ተነሺ፣ ታጠቢ፣ ልበሺ" ሲደራረብ ይጠፋባታል።

❖ ወደ ማታ ሲሆን መረበሽ ይበዛል። ቀድማችሁ መብራት አብሩ፣ ጫጫታ ቀንሱ።

❖ ዜማ ይረዳል። ለእናታችሁ የለመደችውን መዝሙር ክፈቱላት፤ አቡነ ዘበሰማያትን አብራችኋት ጀምሩ፣ እሷ ልትጨርሰው ትችላለች። የምታስታምሟት ሊባኖሳዊት ፌይሩዝን የምትወድ ከሆነች ጠዋት ጠዋት ክፈቱላት። የእኛን ሃይማኖት እንድትይዝ ሳይሆን ልቧ እንዲያርፍ ነው።

❖ መድኃኒት፣ ጋዝ፣ ቢላዋ ይጠበቁ። ከቤት ወጥታ እንዳትጠፋ ስምና ስልክ የተጻፈበት ነገር በአንገቷ ወይም በእጇ ይኑር።

❖ ምግብ በትንሽ በትንሹ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ትጉረስ። በጾም ወቅት የሕመምተኛ ነገር ከነፍስ አባት ጋር ይታያል፤ በራሳችሁ ፈቃድ ምግብና መድኃኒት አትከልክሏት።

✝ "ወርቄን ሰረቅሽኝ" ስትባሉ

ይህ በስደት ላይ ላለ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ስማችሁንም ኑሮአችሁንም ሊያሳጣ ይችላል። በቅድሚያ ይህን እወቁ፦ ዕቃን ደብቆ መርሳት፣ ከዚያም ያጠገብን ሰው መጠርጠር የሕመሙ አንዱ ጠባይ ነው። በእናንተ ላይ ያላት ጥላቻ አይደለም። "አልወሰድኩም!" ብላችሁ ከመጮህ "ጠፋብሽ? ነይ አብረን እንፈልግ" በሉ። የምትደብቅበትን ቦታ ቀስ በቀስ ታውቁታላችሁ።

ራሳችሁንም ጠብቁ። ወርቁንና ገንዘቡን ልጆቿ ወስደው እንዲቆልፉበት ገና በጊዜ ጠይቁ። ጥርጣሬው በተነሣ ቁጥር በዚያው ሰዓት ለልጇ በስልክ መልእክት አሳውቁ፤ መልእክቱም አይጥፋ። ሐኪሙ ይህን ጠባይ ለቤተሰቡ እንዲያስረዳላቸው ለምኑ። የዋህነት ከብልሃት ጋር እንዲሄድ ያዘዘ ጌታ ነው።

✝ አገር ቤት ያሉትን አስታማሚዎች እናስብ

አሁን ወደ እናታችን ቤት እንመለስ። እዚያ የምታጥባት፣ የምታጎርሳት፣ ሌሊት የምትነሣ አንዲት እኅት ወይም ምራት አለች። እኛ ከዚህ ገንዘብ እንልካለን፤ አንዳንዴ ግን ከገንዘቡ ጋር ትእዛዝና ወቀሳም እንልካለን። "ለምን ከሳች? ለምን ብቻዋን ወጣች?" እንላለን። እናት በስልክ "አልበላሁም" ስትለን እኅታችንን እንከሳታለን፤ እናት ግን በልታ ረስታ ይሆናል። እዚህ በሐሰት "ሰረቅሽ" መባል ያቃጠላት ልጅ፣ እዚያ እኅቷን በሐሰት "አስራብሻት" እንዳትል ትጠንቀቅ።

ስትደውሉ አስቀድማችሁ "አንቺስ እንዴት አደርሽ? ተኝተሻል ወይ?" በሉ። ከምትልኩት ላይ በሳምንት ሁለት ቀን የምታግዝ ሰው የሚቀጠርበትን ለዩ። ወንድሞችም ተራ ይግቡ፤ እናት የሴት ልጅ ብቻ እናት አይደለችም። ጎረቤት ለአንድ ሰዓት ይቀመጥላትና አስታማሚዋ ቤተ ክርስቲያን ስማ ትምጣ። የሙሴ እጆች በዛሉ ጊዜ አሮንና ሆር ግራና ቀኝ ሆነው ደገፉአቸው (ዘጸ. 17)። ነቢዩ ሙሴ ድጋፍ ካስፈለገው፣ ለእኅታችሁ እንዴት አያስፈልጋት?

እናንተም እዚህ ያላችሁ እንዲሁ ናችሁ። ኤልያስ ደክሞት ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም። እንጀራና ውኃ ሰጠው፣ አስተኛው፣ ደግሞም አበላው (1ኛ ነገ. 19)። መድከም ኃጢአት አይደለም። ቁጣ ሲመጣባችሁ ሕመምተኛዋ ከአደጋ የራቀች መሆኗን አይታችሁ ለጥቂት ደቂቃ ወደ ሌላ ክፍል ሂዱ፣ ውኃ ጠጡ፣ አቡነ ዘበሰማያት በሉ። እንቅልፍና የእሑድ ዕረፍት እንዲሰጧችሁ በትሕትና ግን በግልጽ ጠይቁ።

✝ እሷ ጸሎቷን ብትረሳስ?

ያቺ እኅታችን በመጨረሻ የጠየቀችኝ ይህን ነው፦ "እናቴ ስመ ሥላሴን እንኳ ረሳች። እግዚአብሔር ይቆጥርባት ይሆን?"

ልጆቼ፣ ወንዱን በ40 ቀኑ፣ ሴቷን በ80 ቀኗ ስናጠምቅ ሕፃኑ ምን ያውቃል? ስሙን አያውቅም፣ እናቱን በስም አይጠራም፣ ጸሎተ ሃይማኖትን አይደግምም። ቤተ ክርስቲያን ግን በክርስትና አባቱና እናቱ አፍ መልሳ ተቀበለችው፤ ሥጋ ወደሙንም አቀበለችው። ያን ጊዜ አለማወቋ ካልከለከላት፣ ዛሬ ታማ መርሳቷ እንዴት ይከለክላታል? ገና ሳይጸናባት የነፍስ አባቷን ጥሩላት፤ ንስሐዋም፣ ቅዱስ ቁርባኗም፣ ቀንዲሏም በጊዜው ይታይ።

በኢሳይያስ ምዕራፍ 49 እግዚአብሔር እናት እንኳ ልጇን ልትረሳ እንደምትችል፣ እርሱ ግን ሕዝቡን እንደማይረሳ ነገራቸው። በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴም ስለ ራሱ የለመነው አንድ ነገር ነው፤ መታሰብን ለመነ፣ ተሰጠውም። መዳናችን እኛ እግዚአብሔርን በማስታወሳችን ብርታት ላይ ብቻ የቆመ ቢሆን ማን ይድን ነበር? እርሱ ስለሚያስበን ነው የቆምነው።

እኅቴ ሆይ፣ እናትሽ ስምሽን ብትረሳም ድምፅሽ ያሳርፋታል። "ማን ልበል?" ስትልሽ አትዝጊው። "የምወድሽ ነኝ" በያት። እውነት ነውና።

በመጨረሻም አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በመርሳት ሕመም ያሉ እናቶቻችሁንና አባቶቻችሁን፣ የሚያስታምሟቸውንም ሰዎች የክርስትና ስም በውስጥ መስመር ላኩልን። እነሱ ስማቸውን ቢረሱ እኛ በጸሎት እንጠራዋለን። አረጋውያንን የምታስታምሙ ሁሉ ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጥቂት ቆዩ፤ ሻይ እየጠጣን እንመካከራለን። ይህንንም ለሚያስፈልጋቸው አካፍሉ።

የአረጋውያን ምርኩዝ፣ የስደተኞች ተስፋ እግዚአብሔር ለሕመምተኞቻችን ምሕረትን፣ ለአስታማሚዎቻችን ትዕግሥትን ያድልልን። የእመቤታችን ምልጃ አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።