የገንዘብ ሊቃውንት ጉባዔና የነጋዴው ዱቤ

በዱቤ የሚገዛ ነጋዴ በአንድ ውል ሁለት ነገሮችን ይገዛል። አንደኛው ሸቀጡ ሲሆን ሁለተኛው ጊዜ ነው። ከጅምላ ሻጭ ስኳር ወስዶ ዋጋውን ከሠላሳ ቀን በኋላ ሊከፍል የተስማማ ባለሱቅ፣ ከስኳሩ ጋር የሠላሳ ቀን ጊዜ ገዝቷል ማለት ነው። የስኳሩን ዋጋ ከሌላ ሻጭ ጠይቆ ሊያመዛዝን ይችላል፤ የጊዜው ዋጋ ግን በሸቀጡ ዋጋ ውስጥ ተሸፍኖ የሚያልፍ በመሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሳይመረመር ይከፈላል።

ይህን የተሸፈነ ዋጋ ገልጦ ማሳየት የገንዘብ ሊቃውንት ሥራ ነው። እነዚህ ሊቃውንት የየራሳቸው ማኅበር፣ መጽሔትና ዓመታዊ ጉባዔ ያላቸው ሲሆን፣ በጉባዔያቸው የሚነገረው ነገር ለትልልቅ ባንኮችና ለአክሲዮን ገበያ ብቻ የሚጠቅም መስሎ ይታያል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በዚህ ትምህርት በመጀመሪያ ስለ አንዱ ታላቅ ማኅበርና ስለ ጉባዔው አሠራር፣ ቀጥሎም በመጽሔቱ ከወጡት ጥናቶች ውስጥ አስመጪውን፣ ላኪውንና ባለሱቁን በቀጥታ ስለሚነካው አንዱ ይገለጻል። በሌላ አኳኋን ካልተነገረ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማኅበሩና መጽሔቱ

የአሜሪካ የፋይናንስ ማኅበር የታቀደው በዲሴምበር 1939 በፊላዴልፊያ ከተማ በተደረገ ስብሰባ ነው። በ1929 የጀመረው ታላቅ የንግድ ውድቀት ባንኮችንና የአክሲዮን ገበያዎችን ካናወጠ ዐሥር ዓመት ሆኖት ስለ ነበር፣ ገንዘብ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ እንዴት እንደሚበደርና በምን ምክንያት እንደሚጠፋ በሥርዓት መመርመር እንደሚያስፈልግ ለብዙዎች ግልጥ ሆኖ ነበር። የማኅበሩ መጽሔት፣ ስሙም «የፋይናንስ መጽሔት» ማለት የሆነው፣ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በኦገስት 1946 መታተም ጀመረ። ዛሬ በዓመት ስድስት ጊዜ ይወጣል።

ከዚህ መጽሔት ገጾች በዓለም የታወቁ ትምህርቶች ተገኝተዋል። በ1952 ሃሪ ማርኮዊትዝ ዐሥራ አምስት ገጽ ብቻ በሆነ ጽሑፍ፣ የአንድ ሀብት አደጋ ለብቻው መለካት እንደማይበቃ፣ ከባለቤቱ ሌሎች ሀብቶች ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ መሆን አለመሆኑም መታየት እንዳለበት አስረዳ። በ1964 ዊልያም ሻርፕ ይህንኑ አሳብ አስፍቶ፣ የአደጋ ዋጋ በገበያ ላይ እንዴት እንደሚወሰን ገለጠ። ሁለቱም ከመርተን ሚለር ጋር በ1990 የኖቤልን የኢኮኖሚክስ ሽልማት ተቀብለዋል። ገንዘቡን በአምስት ዓይነት ሸቀጥ ላይ ያዋለ፣ አምስቱም ሸቀጦች ግን በአንድ ወቅት ዋጋቸው የሚወድቅበት ነጋዴ፣ ንብረቱን የበታተነ ቢመስለውም በእውነቱ እንዳልበታተነ ከዚህ ትምህርት ሊረዳ ይችላል።

የጉባዔው አሠራር

የማኅበሩ ዓመታዊ ጉባዔ የሚደረገው በጃንዋሪ ወር መጀመሪያ፣ ከኢኮኖሚክስ ማኅበሮች ጉባዔ ጋር በአንድ ከተማ ነው። በ2021 እና በ2022 በወረርሽኙ ምክንያት ተሰብሳቢዎቹ በየቦታቸው ሆነው በኢንተርኔት ተነጋገሩ። በ2023 ኒው ኦርሊንስ፣ በ2024 ሳን አንቶኒዮ፣ በ2025 ሳን ፍራንሲስኮ የጉባዔው ከተሞች ነበሩ። ለ2026 የተመደበው፣ ከጃንዋሪ 3 እስከ 5፣ ማኅበሩ በመጀመሪያ የታቀደበት የፊላዴልፊያ ከተማ ነው።

የጉባዔውን መርሐ ግብር የማዘጋጀት ኃላፊነት የሚወድቀው ለሚቀጥለው ጊዜ ፕሬዚዳንት እንዲሆን በተመረጠው ሰው ላይ ነው። ጥናታቸውን ለማቅረብ የሚፈልጉ ሊቃውንት ጽሑፋቸውን ከብዙ ወራት አስቀድመው ይልካሉ፤ ከተላኩትም ውስጥ ተመርጠው የሚያልፉት ይቀርባሉ። ጽሑፉ ከተነበበ በኋላ፣ አስቀድሞ ያጠናው ሌላ ሊቅ ተነሥቶ ደካማ ጎኑን በግልጥ ይናገራል፤ ከዚያም ጥያቄ ይከተላል። ቡና ወደ ውጭ አገር ከመላኩ በፊት ናሙናው በቀማሾች እንደሚፈተን ሁሉ፣ ጥናቱም ወደ መጽሔቱ ከመድረሱ በፊት በጉባዔው ይቀመሳል ማለት ይቻላል። በመጽሔቱም ዘንድ እንደ ገና በመርማሪዎች ይመዘናል። ስለዚህ በመጽሔቱ የወጣ ጥናት ስሕተት አይገኝበትም ባይባልም፣ በብዙ ዓይን የታየ ስለሆነ ሊደመጥ የሚገባው ነው።

ስለ አነስተኛ ነጋዴዎች የተደረገው ምርመራ

በ1994 ሚቸል ፒተርሰንና ራጉራም ራጃን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በዚሁ መጽሔት ላይ ስለ አነስተኛ ነጋዴዎችና ስለ ባንካቸው አንድ ጥናት አወጡ። ከሁለቱ አንዱ ራጃን በ2011 የማኅበሩ ፕሬዚዳንት፣ ከ2013 እስከ 2016ም የህንድ ማዕከላዊ ባንክ ገዢ ነበር። ጥናቱ የተመሠረተው በአሜሪካ መንግሥት በተሰበሰበ መረጃ ላይ ሲሆን፣ ከሦስት ሺህ የሚበልጡ አነስተኛ ድርጅቶች ከማን እንደሚበደሩ፣ በስንት ወለድ እንደሚበደሩ፣ ከባንካቸው ጋር ስንት ዘመን እንደ ቆዩና የዱቤ ዕዳቸውን በምን ጊዜ እንደሚከፍሉ የሚገልጥ ነበር።

ሊቃውንቱ የገጠማቸው ችግር አንድ ነጋዴ ከባንክ የሚፈልገውን ያህል ብድር ማግኘት አለማግኘቱን እንዴት እንደሚያውቁ ነበር። ብዙ ዕዳ የሌለበት ሰው ብድር ስላልፈለገ ወይም ስለተከለከለ ሊሆን ይችላልና። መፍትሔውን ያገኙት በዱቤው ውስጥ ነው። ዱቤ ውድ ስለሆነ፣ ከባንክ ሊበደር የሚችል ነጋዴ የሻጩን የቅድሚያ ክፍያ ቅናሽ አያሳልፍም፤ ቅናሹን እያሳለፈና ቀኑን እያዘገየ የሚከፍል ግን ሌላ በር የተዘጋበት መሆኑን ያመለክታል።

በዚህ መለኪያ የተገኘው ውጤት የሚከተለው ነው። ከባንክ ጋር ለረጅም ዘመን በደንበኝነት የኖረ ነጋዴ ብድር በይበልጥ ያገኛል። የወለዱ መጠን ግን በደንበኝነቱ ርዝመት ብዙ አልተለወጠም። ከብዙ ባንኮች እየተበደሩ ደጅ ማብዛት ደግሞ ወለዱን ከፍ ሲያደርግ፣ የሚገኘውንም ብድር ሲቀንስ ታይቷል። ባንኩ የነጋዴውን ገቢና ወጪ፣ የቃሉንም ጽናት በዘመን ብዛት ይማራል፤ ነጋዴው ራሱን ለብዙዎች ሲከፋፍል ግን በአንዱም ዘንድ በሚገባ ሳይታወቅ ይቀራል።

የዱቤው ሒሳብ

ዱቤ ውድ ነው የተባለው በምን ሒሳብ እንደሆነ በምሳሌ መመልከት ያስፈልጋል። አንድ ጅምላ ሻጭ የመቶ ሺህ ብር ዕቃ ሲያስረክብ፣ ገዢው በ10 ቀን ውስጥ ከከፈለ ከመቶ ሁለት እንዲቀነስለት፣ ካልከፈለ ግን በ30 ቀን ሙሉውን እንዲከፍል ተስማሙ እንበል። ይህ በአሜሪካ ንግድ እጅግ የታወቀ ውል ነው። ገዢው በዐሥረኛው ቀን 98,000 ብር ከፍሎ ሊገላገል ይችላል። ካሳለፈው ግን 98,000 ብሩን ለ20 ቀን በእጁ ለማቆየት 2,000 ብር ይከፍላል።

ሁለት ሺህ ብር ለ98,000 ብር ከመቶ 2.04 ነው። ብዙዎች «ከመቶ ሁለት ብቻ ነው» ብለው የሚያልፉት እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን ይህ ወለድ የዓመት ሳይሆን የ20 ቀን ነው። በዓመት ውስጥ 20 ቀን 18 ጊዜ ከሩብ ስለሚገኝ፣ የዓመቱ ወለድ ከመቶ 37 ይሆናል፤ የወለድ ወለድ ሲታሰብ ከ44 ይበልጣል። በዓመት ከመቶ 20 የሚያስከፍል ባንክ ለ98,000 ብር በ20 ቀን የሚጠይቀው 1,074 ብር ያህል ነው። እንግዲህ ከባንክ ተበድሮ ቅናሹን የወሰደ ነጋዴ ወለዱን ከፍሎም 926 ብር ይተርፈዋል።

ቅናሽ የሚል ቃል በውሉ ባይኖርም፣ የእጅ በእጅ ዋጋና የዱቤ ዋጋ በተለያዩበት ሁሉ ሒሳቡ ያው ነው። በእጅ በእጅ 1,000 ብር የሚሸጥ ዕቃ ለአንድ ወር ዱቤ 1,050 ብር ከተባለ፣ ወለዱ በወር ከመቶ 5፣ በዓመት ከመቶ 60 መሆኑ ነው።

ቀን በማዘግየት ዱቤውን ማርከስ ይቻላል የሚል ሊኖር ይችላል። በምሳሌው ላይ ገዢው በ30ኛው ቀን መክፈሉን ትቶ በ60ኛው ቀን ቢከፍል፣ የዓመቱ ወለድ ወደ ከመቶ 15 ይወርዳል። ነገር ግን በዚህ ሒሳብ ውስጥ ያልገባ ዕዳ አለ፤ እርሱም ስም ነው። ቃሉን ያፈረሰ ገዢ ዕቃ በጠፋ ጊዜ ከሁሉ በኋላ ይታደለዋል፤ ወይም በሚቀጥለው ውል ዋጋው ይጨመርበታል።

ሻጩ ስለ ምን ዱቤ ይሰጣል

እነዚሁ ሊቃውንት በ1997 ባወጡት ሌላ ጥናት፣ ባንክ የከለከለውን ነጋዴ ጅምላ ሻጩ ስለ ምን አምኖ ዕቃ እንደሚሰጠው መርምረዋል። ምክንያት ሆነው ከቀረቡት አንዱ፣ ሻጩ ገዢውን ዘወትር ስለሚያየው ሥራው መቀዝቀዙን ቀድሞ ማወቁ ነው። ሁለተኛው፣ ገዢው ካልከፈለ ዕቃ ማቋረጥ መቻሉ ነው። ሦስተኛው፣ የተመለሰውን ሸቀጥ ከባንክ ይልቅ እርሱ በቶሎ መሸጥ መቻሉ ነው። ዱቤ የሚሰጥ አስመጪ ከዚህ የሚያገኘው ትምህርት አለ። ገዢውን የማያየው፣ ዕቃ ሊያቋርጥበት የማይችልና ሸቀጡ ቢመለስለት የማይሸጠው ከሆነ፣ ከባንኩ የሚበልጥበት አንዳች ነገር ስለሌለ፣ ባንኩ የፈራውን አደጋ በድፍረት መሸከሙ ነው።

ለኢትዮጵያ ነጋዴ

በአሜሪካ የተገኘ ውጤት ለኢትዮጵያ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም። በኢትዮጵያ ባንኮች ከደንበኝነት ይልቅ ሕንፃን የመሰለ መያዣ መጠየቅ የቆየ ልማድ ስለሆነ፣ ሕንፃ የሌለው ነጋዴ በታማኝነቱ ብቻ ብድር ማግኘት ሲያስቸግረው ቆይቷል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት የመያዣ መብት አዋጅ ቁጥር 1147 ሸቀጥንና ሌላ ተንቀሳቃሽ ንብረትን በመያዣነት ለማስመዝገብ መንገድ ከፍቷል። ይሁን እንጂ ሸቀጡን ማስያዝ የሚችለው ምን ያህል ሸቀጥ እንዳለው በመዝገብ ሊያስረዳ የሚችል ነጋዴ ነው። ሒሳቡ ግን በማናቸውም አገር አንድ ነው፤ ከመቶ ሁለት ለ20 ቀን በአዲስ አበባም ሆነ በቺካጎ ከመቶ 37 ነው።

ስለዚህ ከዚህ ትምህርት ነጋዴው የሚከተሉትን ቢይዝ ይጠቀማል።

1ኛ/ በዱቤ ከመግዛቱ በፊት የእጅ በእጁን ዋጋ ጠይቆ፣ ልዩነቱን ለእጅ በእጁ ዋጋ ያካፍል፤ ያገኘውንም በዓመት ውስጥ ባሉት የዱቤ ዘመኖች ቁጥር ያባዛ። ውጤቱን ከባንክ ወለድ ጋር ያስተያይ።

2ኛ/ ከባንኩ ጋር ያለውን ሥራ ብድር ከሚያስፈልገው ቀን አስቀድሞ ይጀምር። በችግር ቀን የሚመጣ ደንበኛ በባንኩ ዘንድ እንግዳ ነው።

3ኛ/ ያለ በቂ ምክንያት ከብዙ ደጆች አይበደር።

4ኛ/ ዱቤ ሲሰጥ ራሱን እንደ አበዳሪ ቈጥሮ፣ ወለዱን በዋጋው ውስጥ በዕውቀት እንጂ በግምት አይጨምር።

5ኛ/ የዱቤ መዝገቡን፣ የተሰጠበትንና የተከፈለበትን ቀን ጭምር ጽፎ ይያዝ።

ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። ሁለቱ ሊቃውንት ያን ጥናት ሊያደርጉ የቻሉት፣ ከሦስት ሺህ የሚበልጡ ነጋዴዎች የሒሳባቸውን ነገር ለጠያቂ በዝርዝር ለመግለጥ በመቻላቸው ነው። የኢትዮጵያ የኢኮኖሚክስ ሊቃውንትም በየዓመቱ በአዲስ አበባ የሚያደርጉት ጉባዔ አለ። በዚያ ጉባዔ የባለሱቁ ዱቤ በትክክል ሊመረመር የሚችለው ባለሱቁ የጻፈው መዝገብ ሲኖር ነው። መዝገብ የያዘ ነጋዴ በመጀመሪያ ራሱን፣ ቀጥሎም ባንኩን፣ በመጨረሻም የሙያ ጓደኞቹን ሁሉ ይጠቅማል።