በእርግጥ 168 ሰዎች ናቸው የኢንካን ኢምፓየር የጣሉት?

የዓለም ታሪክ ስንማር ብዙዎቻችን በቃላችን ይዘነው የምንወጣው ነገር አለ። ፒዛሮ በ168 ሰዎች ኢንካን፣ ኮርቴስ ደግሞ በ500 ገደማ ወታደሮች አዝቴክን አሸነፉ የሚል ነው። “ጠመንጃና ፈረስ ስለነበራቸው ነው” እንልና ፈተናውን እናልፋለን። እኔ ግን ይህ ግማሽ መልስ ነው ባይ ነኝ። ምክንያቴን በአጭሩ ላስረዳ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ. አዝቴኮች

አዝቴኮች ዋና ከተማቸውን ቴኖችቲትላንን በ1325 ገደማ የቆረቆሩት ዛሬ ሜክሲኮ ሲቲ ባለችበት ስፍራ፣ ሐይቅ ውስጥ በነበረ ደሴት ላይ ነው። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ጭቃ ከምረው በሠሩት መደብ በቆሎ ያመርቱ ነበር። በ1428 ከቴክስኮኮና ከትላኮፓን ከተሞች ጋር ተባብረው ኢምፓየር መሠረቱ። አገዛዛቸው ግን ያሸነፉትን ሕዝብ የሚያዋህድ አልነበረም። የአካባቢውን ገዢ በቦታው ትተው ግብር ያስከፍሉታል፣ በቃ። ብዙ የጦር ምርኮኞችም ለአማልክት ይሠዉ ነበር። ጎረቤታቸው ትላሽካላ አልገዛም ብላ፣ ዙሪያዋን ተከብባ፣ ጨው እንኳ እንዳይገባላት ተከልክላ ትኖር ነበር።

ኮርቴስ በ1519 ሲመጣ ትላሽካላዎች መጀመሪያ ወጉት፤ ኋላ ግን አብረውት ተሰለፉ። የጠላቴ ጠላት ወዳጄ ነው ማለት ይኸው ነው። በ1520 ስፔናውያን ብዙ ሰው አልቆባቸው ከቴኖችቲትላን ሲባረሩ የሸሹት ወደ ትላሽካላ ነው። ያኔ በር ቢዘጋባቸው ኖሮ ታሪኩ እዚያው ባበቃ ነበር። በዚያው ዓመት ፈንጣጣ ገብቶ ሕዝቡን ፈጀ፤ ሞክቴዙማን የተካው ንጉሥ ኩዊትላዋክም በዚሁ በሽታ ሞተ። ከተማዋ ኦገስት 13 ቀን 1521 ስትወድቅ ከበባው ውስጥ የነበሩት ስፔናውያን ከአንድ ሺህ ብዙም አይበልጡም፤ የአገሬው ተዋጊዎች ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ።

ለ. ኢንካዎች

ኢንካዎች ደግሞ ሌላ ዓይነት ናቸው። ከኩስኮ ተነሥተው በአንዲስ ተራሮች ላይ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ዘረጉ። ሕዝቡ ግብሩን የሚከፍለው በጉልበቱ ነው። ሒሳቡን የሚይዙት ኪፑ በሚባል ባለ ቋጠሮ ገመድ ነበር።

ታዲያ ይህን የመሰለ አስተዳደር እንዴት ወደቀ? ንጉሡ ዋይና ካፓክ በ1520ዎቹ ሲሞት ልጆቹ ዋስካርና አታዋልፓ በዙፋኑ ተዋጉ። ፒዛሮ ኖቬምበር 16 ቀን 1532 ካሃማርካ ላይ አታዋልፓን የያዘው ጦርነቱ ገና ባበቃ ማግሥት ነው። አታዋልፓ አንድ ክፍል ሙሉ ወርቅ ቢከፍልም በ1533 ተገደለ። የዋስካር ወገኖች በዚህ አላዘኑም። ካኛሪዎችና ዋንካዎችም በኢንካ አገዛዝ ተማርረው ስለነበር ለስፔናውያን ወታደርና ስንቅ አቀረቡ። እኔን በጣም የገረመኝ የዋንካዎች ነገር ነው። የሰጡትን ሁሉ በኪፑ መዝግበው ይዘው፣ በ1561 ሊማ ላይ በስፔን ፍርድ ቤት “ውለታችን ይቆጠርልን” ብለው አቀረቡት!

ማንኮ ኢንካ በ1536 ኩስኮን ከቦ ስፔናውያንን አስጨንቋል። የመጨረሻው የኢንካ መንግሥት በቪልካባምባ የጠፋውም በ1572 ነው። ስለዚህ ድሉ 40 ዓመት ፈጅቷል።

ማጠቃለያ

ብረት፣ ፈረስና ጠመንጃ ጠቅመዋል፤ አልክድም። ነገር ግን “168 ሰዎች” ብለን ስናቆም የአገሬውን ሕዝብ ቆሞ ተመልካች እናደርገዋለን። ትላሽካላዎችም ሆኑ ዋንካዎች የሚዋጉት የራሳቸውን ጦርነት ነበር። አሮጌውን ጌታ ሲጥሉ አዲስ ጌታ እያነገሡ መሆኑን ያወቁት ዘግይተው ነው። እንግዲህ ይህ ጥያቄ ፈተና ላይ ሲመጣ የጠመንጃውን ብዛት ብቻ ሳይሆን ማን ከማን ጎን እንደቆመና ለምን እንደቆመ ብንጽፍ ይሻላል እላለሁ። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ በሚቀጥለው እትም ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።