የአትክልት ቦታችንን አጥር ከምን እንሥራ?

በየቁምስናው ባዶ የሚቀረውን መሬት ወጣቶችና እናቶች ተባብረው አትክልት ሊተክሉበት ሲያስቡ፣ ዘርና ጉልበት ሳይጠፋ የአጥር መሥሪያ ገንዘብ ይታጣል። ፍየል የገባበትን የቃሪያ መደብ ያየ ሰው ነገሩ ቀላል አለመሆኑን ያውቃል። በዚህ እትም የምንመለከተው ማንም የማይፈልጋቸውን ሁለት ነገሮች፣ ይኸውም ወራሪ እጽዋትንና የተጣለ ፕላስቲክን፣ ለዚሁ ሥራ ስለ ማዋል ነው።

በአዋሽ ቆላ ላሉ ወገኖቻችን ቅርብ የሚሆነው ፕሮሶፒስ ነው። ይህ የአሜሪካ ምድር ዛፍ በአፋር የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ሲሆን፣ ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ታስቦ የመጣው ተክል ሰፊ የግጦሽ መሬት ይዟል። እንጨቱ ጠንካራና ከባድ በመሆኑ ለምሰሶ ይስማማል። ነገር ግን ከመሬት በላይ ከተቆረጠ ከጉቶው ብዙ ቅርንጫፍ አውጥቶ ይመለሳልና፣ ዙሪያውን ቆፍሮ ከአፈር በታች መቁረጥ ያስፈልጋል። ከሁሉ ይልቅ ልንጠነቀቅ የሚገባን ከፍሬው ነው። ጣፋጩን ፍሬ ከብት ይበላዋል፤ ዘሩ ግን ሳይፈጭ ከእበቱ ጋር ወጥቶ ይበቅላል። ስለዚህ ፍሬው ዛፉ በተቆረጠበት ስፍራ ይራገፍ፤ በዚያ የዋለ ከብት ፍግም ወደ መደባችን አይግባ።

ፕሮሶፒስ በሌለበት አገር የወፍ ቆሎ ይገኛል። ቀጫጭኑ ግንድ በምሰሶዎች መካከል እንደ ማገር ይጠላለፋል፤ ቅጠሉ ለከብት መርዝ ስለሆነ በመንገድ ዳር አይተው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣናን ያስቸገረው እምቦጭም ሲደርቅ ለጥላ መከለያ ይጎነጎናል፤ ክብደት ግን አይሸከምም። ርጥቡን ወደ ሌላ ውሃ ዳር ማጓጓዝ አረሙን በእጅ መትከል ነው።

ሕዝባችን «ሃይላንድ» የሚለው የውሃ ፕላስቲክ ለመደብ ጠርዝ ይሆናል። ደረቅ አሸዋ ወይም አፈር እየተጠቀጠቀ ይሞላል፣ ክዳኑ ይጠብቃል፣ በጎኑ ተጋድሞ በጭቃ ይደረደራል። ፀሐይ ፕላስቲክን ስለምታደክመው ፊቱ በጭቃ መለሰን አለበት። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ግን ቢታጠብም ምግብ ወደሚበቅልበት ቦታ አይቅረብ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ልጆችን ለዚህ የመሙላት ሥራ ማሰማራት ይችላሉ፤ ወደ ፕሮሶፒሱ እሾህ ግን አይስደዱአቸው።

አንዳንዶች «አረሙ ጥቅም ከሰጠ ማን ያጠፋዋል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአፋር ፕሮሶፒስን ለከሰል መጠቀም ሲጀመር የአገሩ ግራርም አብሮ ተቆርጧል። እኛ የምንመክረው አረሙ ለሽያጭ ሳይሆን ለአንድ አጥር በሚበቃ መጠን እንዲቆረጥ፣ የተቆረጠበትም ስፍራ በዚያው ክረምት የአገር ሣር እንዲዘራበት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጉቶው ቢያቆጠቁጥ ማን እንደሚነቅለው አጥሩ ሳይጀመር በስም ይወሰን።