ሸክላ በአነስተኛ ገንዘብ፦ ከዘፋኙ ስም በፊት መርፌው ይታይ

የካቺሲ ነጋዴ ጤፍ ሲገዛ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት እጁን ወደ ኬሻው ሥር ሰዶ ይዘግናል። ላይ ላዩ ማኛ፣ ሥሩ ሰርገኛ የሆነ ጤፍ እንደሚያከስር ያውቃልና ነው። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ግን ያገለገለ ሸክላ ሲያገኝ ልቡ በዘፋኙ ስም ይማረክና ሳይፈትሽ ገንዘቡን ሊቆጥር ይችላል።

የዛሬው ትምህርታችን በትንሽ ገንዘብ ሸክላ መስማት ለሚጀምር ሰው ነው። በካቺሲም ይሁን በአምቦ፣ ከአባት የቀረ ሸክላ ከቁም ሣጥን አግኝቶ ልሽጥ ወይም ልግዛ ለሚልም ይጠቅማል። ለሁሉም ሕጉ አንድ ነው፤ የሚገዛው ስም ሳይሆን ይዞታ ነው።

ገበያው ከየት መጣ?

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ይህን ደፍሮ እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ውጭ አገር አሳትሞ ለገበያ አቀረበ። እስከ 1975 ድረስም ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና ደርዘን ያህል አልበሞች አወጣ። ካይፋና ፊሊፕስም በዚሁ ገበያ ነበሩ። ከዚያ ካሴት መጣና ሸክላው ወደ ጓዳ ገባ።

‹‹ኢትዮጲክስ›› የተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ ኅትመት እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እነዚህን ዘፈኖች ለዓለም አሰማ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ‹‹ብሮክን ፍላወርስ›› በተሰኘው የአሜሪካ ፊልም ገባ። ፈላጊው የበዛው ከዚህ በኋላ ነው፤ የቀድሞው ኅትመት ግን አይጨመርም። ለምዕራብ ሸዋ ሰው አንድ ነገር እናስታውስ፤ የኢትዮጲክስ 28ኛ ቅጽ የዓሊ ቢራ የኦሮምኛ ዘፈኖች ናቸው። የአማርኛውን መርጠው የኦሮምኛውን በርካሽ የሚሰጡ ሰዎች ቆም ብለው ያስቡ።

ማጫወቻውን ሲገዙ

መጀመሪያ ጀርባውን ገልብጠው የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ማጫወቻ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የሚል ከሆነ በቀጥታ ሲሰኩት ይቃጠላል። ‹‹ትራንስፎርመር እገዛለሁ›› ቢሉም ችግሩ በሙሉ አይፈታም። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ሞተሩ ፍጥነቱን ከመብራቱ የሚወስድ ዓይነት ከሆነ በደቂቃ 33 ጊዜ መዞር የነበረበት ሸክላ ወደ 28 ይወርድና የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ የሌላ ሰው ይመስላል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል አዳፕተር ያለው ማጫወቻ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው።

መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ባለ ባትሪው አሮጌ ማጫወቻ ያጓጓል። የባትሪውን ቤት ከፍተው ይመልከቱ፤ አረንጓዴ ዝገት ካለ ባትሪ ፈሶበታል። የላስቲክ ቺንጋውንም ይንኩ፤ ከላላ ወይም ከደረቀ ዘፈኑ ይዋዥቃል። ቺንጋ የሚተካ ነገር ስለሆነ ለመደራደሪያ ይጠቀሙበት።

ዋናው መርፌው ነው

የአልማዝ መርፌ ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት ያህል ያገለግላል። ያለቀ መርፌ ግን የሸክላውን ቦይ እየፋቀ ይሄዳል፤ የተፋቀ ቦይ ደግሞ አይመለስም። በሻንጣ መልክ የተሠሩት ርካሽ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ መርፌውን በ5 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ይጫኑታል። ደህናዎቹ ግን 2 ግራም ያህል ይበቃቸዋል። ስለዚህ በርካሹ ይለማመዱ፤ ሊሸጡት ያሰቡትን ሸክላ ግን አያጫውቱበት።

በጣም የቆየውን፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረውን ተሰባሪ ሸክላ ለብቻው ያስቀምጡ። ቦዩ ሰፊ በመሆኑ የራሱን መርፌ ይፈልጋል። አልኮል ካስነኩት ይሟሟል።

ሸክላውን ሲፈትሹ

በመስኮት ብርሃን ዘንበል አድርገው ይዩት። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ከሆነ በዘፈኑ ውስጥ ይሰማል፤ አቧራ ብቻ ከሆነ ለብ ባለ ውኃና በጠብታ ሳሙና ይለቃል። መሐሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ውኃ አያስነኩት። ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው በዓይንዎ ልክ ይመልከቱ፤ የተጣመመ ከሆነ መርፌውን ያዘልላል። በድጋሚ የታተመውንና የጥንቱን የሚለየው ወረቀቱና ሽፋኑ ስለሆነ አይቀዱት፣ አይጻፉበት።

ከካቺሲ ወደ አምቦ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ሸክላዎቹን አቁመው፣ ጠበቅ አድርገው በካርቶን ያሽጉ። ደራርበው ካስተኟቸው መንገዱ ያጣምማቸዋል።

ገንዘቡን እንዴት እናከፋፍል?

የእኛ ምክር ይህ ነው፦ ከ100 እጅ 60ውን ለማጫወቻው፣ 20ውን ለአዲስ መርፌ፣ 10ሩን ለማጽጃና ለመሸፈኛ፣ 10ሩን ብቻ ለሸክላ። ብዙው ሰው በግልባጩ አድርጎ ሸክላ ያከማችና በያዘው መርፌ ንብረቱን ያጠፋል።

ለመነገድ የሚያስብም አንድ ነገር አይርሳ፤ የሸክላ ገዢ ጥቂት ነው፣ ገንዘብም ረጅም ጊዜ ይታሰራል። የቤት ኪራይ ወይም የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ የሆነ ብር እዚህ ውስጥ አይገባም። ሻጭም ቢሆን ‹‹በደርዘን ስንት?›› ለሚል ደላላ ሁሉንም አንድ ላይ ከማስረከቡ በፊት አንድ በአንድ በብርሃን አይቶ፣ ስሙንና ቁጥሩን በደብተር ይመዝግብ። ጤፉን ከኬሻው ሥር የሚዘግን ሰው ለሸክላው ይህን ያህል ቢደክም አይቆጨውም።