በፍቅር ቀን የሚጻፍ ውል፤ ቤት በጋራ ለሚገዙ ወገኖች

በባዕድ ሀገር የሚኖር ወገናችን፣ የቤት ዋጋ በአንድ ሰው ደመወዝ የማይደፈር ሲሆንበት፣ ከወንድሙ ወይም ከአብሮ አደጉ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ቤት መግዛቱ የመተሳሰብ ፍሬ ነውና ይመሰገናል፤ ነገር ግን ፍቅር ያቆመውን ቤት ጠብ እንዳያፈርሰው፣ ውሉ ፍቅሩ ሳይቀዘቅዝ መጻፍ ይገባዋል።

በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ ሁለት ወንድማማቾች ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ቤት ገዙ እንበል። በፊርማው ዕለት በጠረጴዛው ላይ ከሚከመረው ወረቀት ዲድ የሚባለውን የባለቤትነት ሰነድ ለይተው፣ ከስማቸው ቀጥሎ የተጻፈውን ቃል አስተውለው ያንብቡ። ባለቤትነቱ ጆይንት ቴናንሲ መሆኑ በግልጽ ከተጻፈ፣ አንዱ ከዚህ ዓለም ሲለይ ድርሻው በሕይወተ ሥጋ ላለው ወንድሙ ይጠቃለላል፤ የሟቹ ልጆች ከቤቱ ምንም አያገኙም። ይህ ቃል ከሌለ ግን እያንዳንዱ የየድርሻው ባለቤት ነው፤ የሟቹም ድርሻ በኑዛዜ ወይም በሕግ ለወራሾቹ ያልፋል።

የባንኩ ዕዳ ደግሞ ሌላ ነው። ሁለቱም ለሞርጌጁ ከፈረሙ፣ ባንኩ ሙሉውን ዕዳ ከአንዱ ብቻ ሊጠይቅ ይችላል፤ የአንዱ መዘግየትም የሁለቱን ክሬዲት ያበላሻል። ስሙን ከዲዱ ያስወጣ ሰው እንኳ፣ ባንኩ ካልለቀቀው ወይም ብድሩ በሌላው ስም ካልታደሰ፣ ከዕዳው ነጻ አይወጣም።

ጠብ ከተነሣ፣ የንስሐ አባትና ሽማግሌዎች ልብን ያስታርቃሉ እንጂ ዲዱን አይለውጡትም። ከባለድርሻዎቹ አንዱ ፓርቲሽን የሚባለውን የክፍፍል ክስ ለሰርኪዩት ፍርድ ቤት ሊያቀርብ ይችላል፤ አንድ ቤት ያለ ጉዳት ለሁለት ሊከፈል ስለማይችልም፣ ፍርድ ቤቱ ቤቱ ተሸጦ ገንዘቡ እንዲከፋፈል ሊያዝ ይችላል። ከዚያም ገንዘብ ላይ የጠበቃና የሽያጭ ወጪ ሊቀነስ ይችላል።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት በግዛታችሁ ጠበቃ ፊት ውል ጻፉ፤ ማን ስንት እንዳዋጣ፣ ወርኃዊውን ክፍያ፣ ግብሩንና የጣራውን ጥገና ማን እንደሚችል፣ አንዱ መውጣት ቢሻ ዋጋው በማን ግምት እንደሚተመንና ሌላው በስንት ወር ውስጥ እንደሚገዛው ይስፈርበት። ለወንድማችሁ ገንዘብ ስትልኩም «የመጋቢት ወር የቤት ክፍያ» ብላችሁ ምክንያቱን ጻፉ፤ ዳኛ የሚያየው እርሱን ነውና። አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት ለዚህ ነው፤ ወንድሙን የሚወድ ከወንድሙ ጋር ይፈራረም።